ገጸ ባሕሪው ሳያለቅስ አንባቢው ሲያለቅስ

ልብ ወለድ ለምትሞክሩ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ የመጣው ስሜትን ስለ መጻፍ ነው፤ እኔም ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታሪኬ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ታጣለች። «ልቧ ተሰበረ፣ ምርር ብላ አለቀሰች» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኞቼ አንብበውት ምንም አልተሰማቸውም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ አልጎደለም፣ በዝቷል። ኀዘኑን አንተው አዝነህ ስለጨረስከው ለአንባቢው የተረፈው የለም። እስቲ እናትየዋን ከቀብሩ በኋላ ባለው ጠዋት እናግኛት። ቁርስ ልታቀርብ ሦስት ሳህን ደረደረች። ትንሽ ቆመች። አንዱን አንስታ ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ስለ ኀዘን አንድ ቃል አልወጣም፣ እኔ ግን ያንን ሳህን አልረሳውም። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1892 ለአንዲት ጸሐፊ በላከው ደብዳቤ፣ የምስኪኖችን መከራ ስትጽፊ ቀዝቀዝ ለማለት ሞክሪ ብሎ መክሯታል። ጸሐፊው ሲቀዘቅዝ ኀዘኑ ጎልቶ ይወጣል ነው ነገሩ።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ፈራ»፣ «አዘነ» ማለት ክልክል ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም። ብዙ ዝም ብሎ የቆየ ተራኪ አንዴ «ፈራሁ» ሲል ያስደነግጣል።

ጥያቄ፦ አጭር ዓረፍተ ነገር ስሜት ያጋግላል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ከረጅም ቀጥሎ ሲመጣ፣ አዎ። ሁሉም አጭር ከሆነ ግን ጆሮ ይለምደዋል። ረጅሙንም አትናቁት። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ይህን ተመልከቱ፦ «በሩን ዘግቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ዓመት ሙሉ የጠበቃትን ደብዳቤ ሳይከፍታት ቀደዳት።» እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ትንፋሻችንን ይዘን ነው የምንሄደው። «ደብዳቤዋን ቀደዳት» ብለን ብንጀምር ኖሮ የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ይሆናል። ቋንቋው በነጻ የሰጠንን ይህን ጉልበት የሚያባክን ጽሑፍ ሳይ ከልቤ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ዋናው ገጸ ባሕሪ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይሞታል። ለምን አያሳዝንም?

መልስ፦ ገና አልተዋወቅነውማ! የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስቶትል ስለ አሳዛኝ ድራማ ሲጽፍ፣ የምንራራው መከራ የማይገባው ሰው ላይ ሲደርስ ነው፣ የምንፈራው ደግሞ እኛን የሚመስል ሰው ላይ ሲደርስ ነው ይላል። እንዲመስለን ጊዜ ስጠው። ለነገ ያቀደውን ትንሽ ነገር አሳየን። የተበደረውን መጽሐፍ ሊመልስ ነበር እንበል። ሲሞት መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ እኔ ስለ አባቴ የጻፍኩት እያለቀስኩ ነው። ሌላው ሰው ግን እንደ ዜና ነው ያነበበው። በጣም ከፋኝ።

መልስ፦ እንባሽ እውነተኛ ነው፣ እሱን አትጠራጠሪ። ግን አንቺን የሚያስለቅስሽ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ትዝታ ነው። ድምፁን ታውቂዋለሽ፣ እኛ አናውቀውም። ጽሑፉን ጥቂት ሳምንት አስቀምጪውና እንደ ባዳ አንብቢው። እያንዳንዱ «ደግ ነበር» የሚል ቦታ ላይ ቆመሽ፣ ምን ሲያደርግ አይተሽው ነው ደግ ያልሽው? እሱን ጻፊልን።