«የተዘጋጀ ፎንት ነው፤ አንቺ ምን ሠራሽ?»

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሰላም ነሽ? ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባነርና የሠርግ ካርድ የሚያትም ቤት ውስጥ ትሠሪያለሽ። ለለስላሳ መጠጥ የሚሆን የልምምድ ሎጎ ይዘሽ ሌላ ሥራ ስታመለክቺ፣ ጠያቂው «ይሄ እኮ የተዘጋጀ ፎንት ነው፤ አንቺ ምን ሠራሽ?» አለሽ። ከዚያ ወዲህ ሞራልሽ ወርዷል።

ጥያቄው ልክ ነው። አንቺ ግን «እውነትም ምንም አልሠራሁም» ብለሽ መደምደምሽ ልክ አይደለም። ከተዘጋጀ ፎንት፣ ማለትም ሌላ ሰው ሠርቶ ካስቀመጠው የፊደል ቅርጽ፣ መነሳት ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. የ1987ቱ የማይክሮሶፍት ሎጎ ሄልቬቲካ የሚባለው ፎንት ነው። «ኦ»ዋ ከ«ኤስ» ጋር በምትዋሰንበት በኩል ቆረጥ ተደረገች፤ በዚያች ቁራጭ ታወቀ።

ኮካ ኮላ ግን ከፎንት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1886 የመጠጡ ፈጣሪ የፔምበርተን ሒሳብ ያዥ የነበረው ፍራንክ ሮቢንሰን፣ ያኔ አሜሪካ ውስጥ በተለመደው ስፔንሴሪያን በሚሉት የእጅ ጽሕፈት ጻፈው። ሒሳብ ያዥ ነው እንግዲህ! ዛሬ «የኮካ ኮላ ፎንት» እየተባለ የሚወርደው ሎጎውን አይቶ በኋላ የተሠራ ነው። በሱ የሌላ ለስላሳ ስም ከጻፍሽ ማስመሰል ይሆናል። ከላክሽልኝ ሥራዎች አንዱ እንደዚያ ነው፤ ዛሬውኑ አውጪው።

ወደ «ብርቱካን» ሎጎሽ ልምጣ። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ፊደሎቹም ወፈር ብለው ለጠርሙስ ይሆናሉ። ግን የ«ቱ»ን የጎን ጭረት ፊደሎቹ ከሚቆሙበት መስመር ጋር እንዲገጥም ብለሽ ወደ እግሩ አውርደሻታል። እታች ስትደርስ እኮ «ቲ» ሆነች። የ«ካ»ን አጭር እግር ደግሞ ከረጅሙ ጋር እኩል አድርገሻል፤ እሱም «ከ» ሆነ። አሁን የሚነበበው «ብርቲከን» ነው። ሱቅ ሄዶ ብርቲከን ስጠኝ የሚል ደንበኛ አላውቅም። የላቲን ፊደል የለመደ ዲዛይነር ትርፍ የሚመስለውን ጭረት እንደልቡ ያሳጥራል፣ ያንቀሳቅሳል። በእኛ ፊደል ግን ድምፁ ያለው እዚያች ጭረት ላይ ነው። ጭረቷን ማወፈር፣ ማጠፍ፣ ጫፏን ማክበብ ትችያለሽ። ቦታዋን ግን አትንኪ። ይህን የምታውቅ ልጅ «ምን ሠራሽ?» ስትባል መልስ አላት።

ሌላው ቀላል ነው። ጽሑፉን ከርቭ ካደረግሽ (ፊደሎቹን ወደ ሥዕል ቅርጽ ከለወጥሽ) በኋላ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በዓይንሽ አስተካክይ፤ ፎንቱ የሰጠሽን አትመኚ። ከዚያ 3 ሳንቲሜትር አድርገሽ አትሚና ቆርኪ ላይ ለጥፊው። ክንድ ያህል ርቀሽ ካልተነበበ ጭረቶቹ ቀጥነዋል ማለት ነው።

ፎንቱ ከየት እንደመጣም እወቂ። ከጓደኛ ፍላሽ የተገለበጠ ፎንት ይዘሽ ደንበኛ ፊት አትቅረቢ። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የሚባሉት የግዕዝ ፊደል ፎንቶች ፈቃዳቸው ክፍት ነው፤ ቀይረሽ ለንግድ ሥራም ልትጠቀሚባቸው ትችያለሽ። የመጠጡ ባለቤት ነገ ሎጎውን በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ላስመዝግብ ሲል እንዳይቸገር፣ የተነሳሽበትን ፎንት በጽሑፍ ስጪው።

ፖርትፎሊዮሽ (የሥራ ናሙናዎችሽ ስብስብ) ላይ ለእያንዳንዱ ሎጎ ጥሬውን ፎንት፣ የቀየርሽውንና ጠርሙስ ላይ ያረፈውን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ጠያቂው ከመጠየቁ በፊት ያየዋል።

ሥራውን የት ትፈልጊው? ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካም ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት፤ ፋብሪካ አለ ማለት ግን ሎጎ ሠሪ ይቀጠራል ማለት አይደለም። የታወቁ መጠጦች ሎጎ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። አንቺ ጁስ፣ ማርና በርበሬ አሽገው የሚሸጡትን አነጋግሪ። ብዙዎቹ ሌብላቸውን የሚያሠሩት እንዳንቺ ባለ ማተሚያ ቤት ነው። ዋጋ ሲጠይቁሽ የሎጎውንና የኅትመቱን ሒሳብ ለይተሽ ተናገሪ፤ አለዚያ ሎጎው የባነሩ ምርቃት ሆኖ ይቀራል።