ጥያቄና መልስ፦ የጌም አርት ሥራ እንዳይበታተን
ባሕር ዳር ሆናችሁ ጌም የምትሠሩ ልጆች ስለ አርት ሥራ አያያዝ የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ። አብዛኞቻችሁ ጥቂት ሆናችሁ ስለምትሠሩ መልሱም ለትንሽ ቡድን የሚሆን ነው።

ጥያቄ፦ አራት ነን። ጌማችን ጣና ላይ ነው የሚካሄደው። ከየት እንጀምር?

ከዝርዝር ጀምሩ። አንድም ነገር ሳትስሉ ጌሙ ውስጥ የሚታየውን ሁሉ ጻፉ። ግን "ታንኳ" ብላችሁ አትለፉት። ባዶው ታንኳ አለ። ማገዶ የጫነ አለ። የተሠራበት ደንገል ውሃ ጠጥቶ የከበደ አለ። እንዲደርቅ ዳር ላይ የቆመ አለ። መቅዘፊያው፣ የቀዛፊው እንቅስቃሴና ውሃው ላይ የሚቀረው አረፋም አለ። አንድ ያላችሁት ሰባት ሆነ! ጊዜ የሚበላችሁ ይሄ ሳይቆጠር የቀረው ነው። ከዚያ ጌሙ ያለ እሱ የማይሆነውን ለዩና እሱን አስቀድሙ።

ጥያቄ፦ ዝርዝሩን ለመያዝ ጎግል ሺት ይበቃናል ወይስ ጂራ (የሥራ መከታተያ ፕሮግራም) እንግባ?

ሺት ይበቃል። ለአንድ አሴት (ጌሙ ውስጥ ለሚገባ አንድ የአርት ሥራ) አንድ ረድፍ። ስም፣ ባለቤት፣ ደረጃ፣ ቅድሚያ፣ የቴክስቸር (ሞዴሉ ላይ የሚለበጠው ሥዕል) መጠን፣ ፋይሉ ያለበት ቦታ። ባለቤቱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን። ሁለት ስም ካለበት የማንም አይደለም።

ጥያቄ፦ ሞዴል (የዕቃውን 3ዲ ቅርጽ) የሚሠራው ልጅ "አለቀ" ይላል፣ ፕሮግራመሯ ገና ነው ትላለች። በዚህ የተነሳ እየተጨቃጨቅን ነው።

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ችግሩ "አለቀ" የምትሉት ነገር አለመስማማቱ ነው። ደረጃዎቹን በጋራ ወስኑ፦ ያልተጀመረ፣ ንድፍ፣ ሻካራ ሞዴል፣ ቴክስቸር፣ ኢንጂን (ጌሙ የሚገነባበት ሶፍትዌር) የገባ፣ የጸደቀ። በኔ እምነት አንድ አሴት በጌሙ ካሜራና በጌሙ ብርሃን፣ ተጫዋቹ በሚይዘው ስልክ ላይ ካልታየ አላለቀም። ብሌንደር (ሞዴል መሥሪያው ፕሮግራም) ላይ የሚያምር ታንኳ ኢንጂን ሲገባ ጉድ ሊሆን ይችላል። ብሌንደር በሜትር ይለካል፣ አንሪል የተባለው ኢንጂን በሴንቲሜትር፤ ፋይሉ ከብሌንደር ሲወጣ (ኤክስፖርት ሲደረግ) ካልተስተካከለ መቶ እጥፍ አንሶ ይገባል። ዩኒቲ የተባለው ኢንጂን ደግሞ ወደ ላይ የሚቆጥረው በሌላ አክሲስ (የአቅጣጫ መስመር) ስለሆነ ታንኳው ዞሮ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያውኑ በትክክለኛው ልክና ስም ግራጫ ሳጥን ሠርታችሁ ኢንጂን ውስጥ አስገቡ። ፕሮግራመሯ በሱ ትሥራ፤ ሞዴሉ ሲደርስ ይተካዋል። እመኑኝ፣ ጭቅጭቁ በግማሽ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ፎልደራችን "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ ሁለት" በሚሉ ፋይሎች ሞልቷል።

ስሙ አይቀየር፤ የድሮውን ቅጂ ጊት (የፋይል ለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም) ይያዝላችሁ። ለትልልቅ ፋይሎች ጊት ኤልኤፍኤስ ተጠቀሙ፤ ጊትሃብ (የጊት ፋይሎች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) በተራው መንገድ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። የብሌንደር ፋይል ደግሞ እንደ ኮድ አይዋሃድም። አንዱ ሲሠራበት ይቆልፈው። ሌላው፣ የአማርኛን ስም በላቲን ፊደል ስትጽፉ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስፔሊንግ ይጽፋል። ታንኳን፣ ደንገልን፣ ጀበናን እንዴት እንደምትጽፉ ሺቱ ላይ አንዴ ወስኑ።

ጥያቄ፦ ኔት ሲቆራረጥስ?

አንዱን ኮምፒውተር ቢሮ ውስጥ ሰርቨር አድርጉት፤ በራሳችሁ ኔትወርክ ያለ ኢንተርኔት ትሠራላችሁ። ለመብራቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ። አንድ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የገዳማቱን ሥዕል ፎቶ አንስተን ቴክስቸር ብናደርገውስ?

መጀመሪያ ገዳሙን አስፈቅዱ። የተሰጣችሁን ፈቃድ፣ ማን እንዳነሳና መቼ እንዳነሳ ሺቱ ላይ መዝግቡ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ሪፈረንስ (ለሥዕል መነሻ የሚሆን ፎቶ) የምትሰበስበው ሴት ከሆነች ለዚያ ቦታ ወንድ ባልደረባዋን ከወዲሁ መድቡ። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን መግባት ትችላለች። እኔ ብሆን ፎቶውን የጌሙ ግድግዳ ላይ አልለጥፈውም፤ ሠዓሊያችሁ አይቶ እንደገና ይሳለው። ሥዕሉ ያለው የጸሎት ቦታ ላይ ነው፣ ክብር ይገባዋል። ጌማችሁም የራሱ መልክ ይኖረዋል።

ጥያቄ፦ ሺቱን ማን ያድሰው?

ባለቤቱ፣ ፋይሉን ባስገባበት ደቂቃ። ሰኞ ጠዋት አብራችሁ ጌሙን ክፈቱና "የጸደቀ" የተባለውን አንድ በአንድ እዩ። ጌሙ ውስጥ የሌለው ወደ ነበረበት ደረጃ ይመለስ።