ፓነሉን ያላነቃው ፍም

ጥያቄ፦ የምኖረው ከሰንዳፋ ወጣ ባለች መንደር ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ቡና ከተፈላ በኋላ፣ ትንሿን የሶላር ፓነል ከከሰል ምድጃው ፊት አቁሜ ስልኬን ለመሙላት ሞከርሁ። ፓነሉ እጅ እስኪያቃጥል ጋለ፤ የመሙያው ምልክት ግን አልበራም። በማግስቱ፣ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ሳለ፣ ያው ፓነል ሠራ። ሙቀትም ኃይል ከሆነ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ፓነልዎ አልተበላሸም፤ ሳያስቡት የኳንተም ሜካኒክስን (የአተምንና የብርሃንን ጠባይ የሚያጠናውን ፊዚክስ) መነሻ በምድጃዎ ፊት ፈትነዋል። ብርሃን ኃይሉን የሚያስረክበው ፎቶን በሚባሉ ድርሻዎች እየተቆነጠረ ሲሆን፣ የአንዱ ፎቶን ኃይል ከብርሃኑ ድግግሞሽ (ሞገዱ በሴኮንድ ከሚርገበገብበት ብዛት) ጋር ያድጋል፤ የሰማያዊው ከቀዩ ይበልጣል፣ የቀዩም ዓይን ከማያየው ከኢንፍራሬድ ይበልጣል። ፓነሉ በተሠራበት በሲሊከን ውስጥ የታሰረ ኤሌክትሮን ተላቅቆ ጅረት ለመሆን 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት (እጅግ ትናንሽ ኃይሎች የሚለኩበት መለኪያ) ያህል ያስፈልገዋል፤ ይህንንም በተራ ብርሃን ሥር ከአንድ ፎቶን በአንድ ጊዜ ማግኘት አለበት እንጂ ከብዙ ትናንሾች እያጠራቀመ አይነሣም። አንድ ሺህ ሕፃናት ጠጠር ቢወረውሩ ክንዳቸው ካልደረሰ ቆርቆሮው ላይ አንድም አይወድቅም፤ አንድ ጎረምሳ ግን ብቻውን ቤቱን ያስደነግጣል።

የፍም ፎቶኖች እጅግ ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ ግማሽ ኤሌክትሮን ቮልት እንኳ አይሞሉም። ቀልተው የሚታዩን ጥቂቶቹ ደፉን ቢያልፉም ባትሪ ለመሙላት አይበቁም፤ የቀሩት ፓነሉን ከማሞቅ አያልፉም። በደመና ውስጥ ያለፈው የፀሐይ ብርሃን በአንጻሩ ቢደክምም፣ የሚታየው ክፍሉ እያንዳንዱ ፎቶን ከ1.6 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ይዞ ይደርሳል።

የሚገርመው፣ ማክስ ፕላንክን እ.ኤ.አ. በ1900 ወደዚህ ሐሳብ የገፋውም እንደ ፍምዎ ያሉ የጋሉ አካላት የሚያወጡት ብርሃን ነበር፤ የቀድሞው ፊዚክስ የብርሃኑን ስርጭት በትክክል ሊያሰላ ስላልቻለ፣ ኃይል በተወሰነ ድርሻ ብቻ ይሰጣል ብሎ ለመነሣት ተገደደ። በ1905 አልበርት አይንስታይን ብርሃን ራሱ በድርሻ እንደሚጓዝ በማሰብ፣ ቀይ ብርሃን የቱንም ያህል ቢበረታ ከአንዳንድ ብረቶች ኤሌክትሮን የማያወጣበትን ምክንያት አስረዳ። የ1921 የኖቤል ሽልማት የተሰጠውም በተለይ ለዚህ ሥራው እንጂ ስሙ ለገነነበት ለአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ አልነበረም።

ፓነሉን ግን ከምድጃው ያርቁት፤ ሲሊከን ሲግል ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የፕላስቲክ ሽፋኑም ሊቀልጥ ይችላል።