ባሕር ዳር ላይ በራሳችሁ ብር አልበም ልትሠሩ ከሆነ ይህን አንብቡ

«ከጓደኛዬ ጋር ራፕ እንሠራለን፣ ያለ ፕሮዲውሰር አልበም ልናወጣ ነው፣ ባሕር ዳር እንቀረጽ ወይስ አዲስ አበባ እንሂድ? በነፃ ብንለቀውስ?» ላልከው ወንድሜ፦ እዚሁ ተቀረጹ። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ፣ በሰዓት በሚያስከፍል ስቱዲዮ ውስጥ ስንኝ ስታርሙ ብራችሁ ያልቃል። እኔና አጋሬ የተቀረጽነው ቀበሌ 14 በተከራየናት ክፍል ነው። አልበማችንን ሰምቶ የት እንደተሠራ ሲነገረው የሚያምን የለም።

1. ስለ ማይክ ሁሉም ይነግርሃል፣ እኔ ስለ ቆርቆሮ ልንገርህ። ሐምሌና ነሐሴ ድምፅ እቀርጻለሁ ብለህ እንዳታስብ፣ ዝናቡ ከአንተ በላይ ይሰማል። ክረምቱን ግጥም ጻፉበት። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀሉ፣ ባጃጅ ጋብ ሲል ሌሊት ቅረጹ። መብራት መሄዱ ስለማይቀር ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ሥሩ። ፋይሉ ዋቭ (ድምፁ ያልተጨመቀበት ዓይነት)፣ ጥራቱ 24 ቢት ይሁን። የተጨመቀ ኤምፒ3 ለሚክሲንግ (ድምፆቹን አመጣጥኖ ለሚያዋህደው ሥራ) የሚልክ ሰው አሁንም አለ፣ ይገርመኛል።

2. ሚክሲንግ የሚሠራላችሁን ሰው ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ ሥራው ሲያልቅ ትራኮቹን (የእያንዳንዱን ድምፅና መሣሪያ ፋይል) ለየብቻ ትሰጠናለህ ወይ? ካንገራገረ ውጡ።

እኛን የገጠመን ሰውዬ ቀብዱን ሲቀበል ማር ነበር። ውል እንጻፍ ስንለው «ወንድማማች አይደለን እንዴ!» አለ። ሚክሱ ሲመጣ ማሲንቆው ድምፃችንን ውጦታል። ትንሽ ዝቅ አድርግልን አልነው፣ ዛሬ ነገ ማለት ጀመረ። በመጨረሻ ትራኮቹን ስጠን ብለን ሄድን። በር ላይ አቁሞን፣ ስልኩን እየነካካ፣ «ፕሮጀክቱ የኔ ነው፤ ፋይል ከፈለጋችሁ ሌላ ክፈሉ» አለን። የተጫወትነው እኛ፣ የከፈልነው እኛ! ሌላ ቀን ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል አለ። የትኛው እውነት እንደሆነ እሱ ይወቀው።

ያዳነን አጋሬ ነው። ተጠራጣሪ ስለሆነ የተቀረጸውን ድምፅ ሁሉ በየማታው ወደ ራሱ ፍላሽ ይገለብጥ ነበር፤ እኔ እስቅበት ነበር፣ አሁን አልስቅም። ማሲንቆው ግን የተቀረጸው እዚያው ሰውዬው ዘንድ ስለነበር አልተረፈም። አዝማሪ ቤት የሚጫወተው ልጅ መጥቶ እንደገና ተጫወተልን፣ ብር ስንሰጠው «አንዴ ተከፍሎኛል» ብሎ እምቢ አለ። ሁለተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ይህን በኩራት ነው የምናገረው።

ሦስተኛው ውል ነው፣ ከላይ ካለው አይለይም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አንብቡት። የድምፅ ቅጂ ፕሮዲውሰር የሚባለው ሥራውን አነሳስቶ ኃላፊነቱን የወሰደው ነው፤ ማይክና ስፒከር ያለው ሁሉ አይደለም። መብት የሚተላለፈውም በጽሑፍ ነው። ስለዚህ በአፍ «የኔ ነው» የሚላችሁን አትፍሩት፣ ግን ፋይሉ እጁ ላይ ካለ አዋጁን ይዛችሁ በሩ ላይ መቆማችሁ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ፋይሉን ከፍታችሁ ሳትሰሙ አትላኩ። በቴሌብር ስትከፍሉም ለምን እንደሆነ ምክንያቱን ጻፉበት።

አንተና ጓደኛህም ድርሻችሁን አሁን ጻፉ። ግጥም የጻፈ፣ አዝማች ያወጣ፣ ቢት (ራፑ የሚባልበትን ሙዚቃ) የሠራ እየተባለ። አሁን ስለምትዋደዱ በአንድ ቡና ያልቃል።

በነፃ ስለመልቀቅ፦ የአሜሪካ ራፐሮቹ ራን ዘ ጁልስም ሁለት ሆነው በ2013 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበማቸውን አውርዱ ብለው በነፃ ሰጥተዋል፣ አውቃለሁ። እነሱ ግን ቀድሞውንም ስም ነበራቸው፣ ኮንሰርት የሚሞላ ሕዝብም አላቸው። እናንተ ሁለት ዘፈን በነፃ ልቀቁ፣ የቀረውን ወደ ስትሪሚንግ በሚያደርስ አከፋፋይ በኩል አውጡት። የእኛ አገር ባንክ ካርድ ለዚያ ክፍያ ካስቸገራችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልላችሁ፣ አካውንቱ ግን በእናንተ ኢሜይል ይከፈት። ለእያንዳንዱ ዘፈን የሚሰጠውን አይኤስአርሲ የሚባል የቅጂ መለያ ኮድም መዝግባችሁ አስቀምጡ።

ቢቱን ከየት እንደምታመጡ አልጻፍክም። ከዩቲዩብ የተከራያችሁት ከሆነ ሌላም ሰው ያንኑ ቢት ሊከራየው ስለሚችል ኮንቴንት አይዲ (ዩቲዩብ የማን ሙዚቃ እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅበት ሥርዓት) ውስጥ አታስገቡት። የኪራይ ውሉን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ ማታ አየዋለሁ።