ቅይጥ ብረትን በስሌት ለምትፈልጉ ልጆቼ

ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ትራንስፎርመር ሥር የቆመ ሰው የሚሰማው ጉምጉምታ በአብዛኛው የሚመጣው፣ በውስጡ ያለው ብረት የማግኔት መስክ ባገኘው ቁጥር ርዝመቱ በጥቂቱ ስለሚለዋወጥ ነው፤ የእኛ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ብረቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1842 የደረሰበት ይህ ባሕርይ ማግኔቶስትሪክሽን ይባላል። ለትራንስፎርመር ሠሪ መከራ፣ ለሴንሰርና ለሶናር (ውኃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ ለሚያስስ መሣሪያ) ሠሪ ግን ሲሳይ ነው።

የንጹሕ ብረት የርዝመት ለውጥ ከሚሊዮን 20 እጅ ያህል ነው። ተርቢየም፣ ዲስፕሮሲየምና ብረት የተቀየጡበት ተርፌኖል-ዲ እስከ 2000 ይደርሳል፤ ነገር ግን በቀላሉ ይሰበራል፣ ሬር ኧርዝ ከሚባለው የብረታ ብረት ወገን የሆኑት ተርቢየምና ዲስፕሮሲየምም ዋጋቸው አይቀመስም። ብረትን ከጋሊየም ጋር መቀየጥ የተፈለገው ስለዚህ ነው፤ 19 በመቶ ገደማ ጋሊየም ያለው ጋልፌኖል፣ ነጠላ ክሪስታል ሲሆን (አቶሞቹ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ወጥ አደራደር ሲሰለፉ)፣ 400 ገደማ ይደርሳል። (ጋሊየምም ቢሆን ከ2023 ወዲህ ከቻይና የሚወጣው በፈቃድ ነውና ሬር ኧርዝ አለመሆኑ ብቻ አያዝናናችሁ።)

የቅይጥን ባሕርይ ከአቶሞቹና ከኤሌክትሮኖቹ ተነስቶ የሚያሰላ፣ ኳንተም ኤስፕሬሶን የመሰለ የኮምፒውተር ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ መብራት እንደሚጠፋ አስባችሁ ስሌቱን በየመሃሉ ሴቭ አድርጉ እንጂ ከቤታችሁ ሆናችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ሆኖም የምትፈልጉት ቁጥር እጅግ ትንሽ ነው። የርዝመት ለውጡ የሚሰላው ማግኔቱ አቅጣጫ ሲለውጥ ከሚፈጠረው የኃይል ልዩነት ነው፤ ይህ ልዩነት በአንድ አቶም የኤሌክትሮን ቮልት ጥቂት ሚሊዮነኛ ሲሆን፣ ስሌቱ የሚያወጣው ጠቅላላ ኃይል ከዚያ በቢሊዮን እጥፍ ይበልጣል፤ ዝንብ ያረፈበትንና ያላረፈበትን ሲኖትራክ መዝኖ የዝንቧን ክብደት እንደ ማወቅ ነው። ስለዚህ የኬ-ነጥቦችን (ፕሮግራሙ የኤሌክትሮኖቹን ኃይል የሚያሰላባቸውን የናሙና ነጥቦች) ቁጥር እየጨመራችሁ፣ መልሱ መዋዠቁን እስኪተው ድረስ ደጋግማችሁ ሳታሰሉ ያገኛችሁትን ውጤት ለማንም አታሳዩ።

አዲስ ቅይጥ ከመንካታችሁ በፊትም ንጹሕ ብረትን አስሉ። የብረት አቶሞች በተደረደሩበት ኪዩብ ጠርዝ አቅጣጫ ስሌቱ ከልኬቱ ጋር ይቀራረባል፤ ከጥግ እስከ ጥግ ባለው ሰያፍ አቅጣጫ ግን ብረቱ በልኬት ሲያጥር የተለመደው ስሌት ይረዝማል ይላል። ይህን ስታዩ ኮምፒውተራችሁ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፤ ስልቱ ራሱ እዚያ ላይ ይደክማል፣ የት እንደሚደክም የማያውቅ ሰው ደግሞ በጋሊየም ወይም በአሉሚኒየም ቅይጥ ላይ የሚያገኘውን ትልቅ ቁጥር ማመን የለበትም።

በስክሪን ላይ ያለው ክሪስታል እንከን የለሽ ነው፣ ሙቀትም አያውቅም። ብረትና ጋሊየም ቀልጠው በፍጥነት ሲቀዘቅዙና ቀስ ብለው ሲቀዘቅዙ ግን የአቶሞቹ አደራደር ይለያያል፣ የርዝመት ለውጡም አብሮ ይለያያል፤ እናም ወረቀታችሁን ከመጻፋችሁ በፊት አቃቂ አካባቢ ብረት ከሚያቀልጥ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ ያሰባችሁትን ቅይጥ በምን ፍጥነት ሊያቀዘቅዝላችሁ እንደሚችል ጠይቁት።