በሽጉጥ ላይ የሚገጠም መብራት እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ ለቤት ጥበቃ የምይዘው፣ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለኝ። ከበርሜሉ ሥር የሚገጠም መብራት ልገዛ ፈልጌ የአምራቾችን መግለጫ ሳነብ አንዱ 500 ሉመን፣ ሌላው 1,000 ሉመን ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ ካንዴላ የሚባል ሌላ ቁጥር አለ። ሉመኑ የበዛውን መግዛት አይሻልም? መብራቱን ከገጠምኩ በኋላስ የእጅ ባትሪ መያዝ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ የሚቀድመው ሁለተኛው ጥያቄዎ ስለሆነ ከእርሱ ልነሣ። አዎን፣ የእጅ ባትሪ ያስፈልግዎታል፤ እንዲያውም ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መጀመሪያ የሚገዙት የእጅ ባትሪውን ይሁን። በሽጉጥ ላይ የተገጠመ መብራት የሚያበራው አፈሙዙ ወደሚያይበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ሌሊት ከመተላለፊያው ኮቴ ሰምተው ተነሡ እንበል፤ መብራቱን ወደ ድምፁ ባዞሩ ቁጥር አፈሙዙንም አብረው አዞሩ ማለት ነው፤ ብርሃኑ የሚያርፍበት ደግሞ ውሃ ሊጠጣ የተነሣ ልጅዎ ሊሆን ይችላል። ሊተኩሱበት በማይፈልጉት ነገር ላይ አፈሙዝ አለማዞር የመሣሪያ አያያዝ ሀሁ ነውና፣ የወደቀ ቁልፍ መፈለጉም ሆነ ደጁን ዞሮ ማየቱ የእጅ ባትሪ ሥራ ነው። የመሣሪያው መብራት የሚያገለግለው መሣሪያውን ማውጣት ግድ በሆነበት ሰዓት ከፊት ያለው ማን እንደሆነና በእጁ ምን እንደያዘ ለመለየት ነው። በዚያም ሰዓት ቢሆን አፈሙዙን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ ማብራት ይቻላል፤ ደህና መብራት ከወለሉ ተንጸባርቆ ክፍሉን ስለሚሞላው ፊትም እጅም ይታያል።

ወደ ቁጥሮቹ ስንመጣ፣ ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ መጠን ሲሆን፣ ካንዴላ ግን ያ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተጠራቅሞ እንደሚወረወር የሚገልጽ ነው። የውሃ ጎማን ጫፍ በአውራ ጣትዎ ሲጫኑት የሚወጣው ውሃ ባይጨምርም ርቆ ይሄዳል፤ የመብራቱ አንጸባራቂና ሌንስም በብርሃኑ ላይ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ለማየት የአንድ አምራች ሁለት ምርቶችን እናነጻጽር። የሹርፋየር ኤክስ 300 አልትራ 1,000 ሉመንና 11,300 ካንዴላ ሲኖረው፣ ኤክስ 300 ተርቦ የተባለው ወንድሙ ግን 650 ሉመን ብቻ ይዞ 66,000 ካንዴላ ይሰጣል። በሉመን ብቻ የሚመርጥ ገዢ የመጀመሪያውን ያነሣል፤ ሁለተኛው ግን ከፊት ለፊት በሚወረውረው ብርሃን ወደ ስድስት እጥፍ ይበልጠዋል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ካንዴላውን ለርቀቱ ካሬ ሲያካፍሉ በዚያ ርቀት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በሉክስ ያገኛሉ። 10,000 ካንዴላ ያለው መብራት በ10 ሜትር 100 ሉክስ፣ በ50 ሜትር 4 ሉክስ፣ በ200 ሜትር ደግሞ 0.25 ሉክስ ይሰጣል። በመብራት ሣጥኖች ላይ እንደ ብርሃኑ መድረሻ የሚጻፈው ርቀት ብዙውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ነው፤ 0.25 ሉክስ ደግሞ ደመና በሌለበት ሌሊት ሙሉ ጨረቃ ከምትሰጠው ብርሃን ጋር የሚቀራረብ ነው። በጨረቃ ብርሃን ሰው መኖሩ ይታወቅ ይሆናል እንጂ በእጁ የያዘው ስልክ ይሁን ስለት አይለይም። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ 200 ሜትር የሚል ቢያነቡ፣ እኔ ለመለየት የምተማመንበት ርቀት ከሩቡ አይበልጥም።

ይሁን እንጂ ለቤት ውስጥ ካንዴላው እጅግ የበዛ መብራትም የራሱ ጣጣ አለው። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ እስኪላመድ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ በነጭ ግድግዳ ላይ ያረፈ ጠባብና ብርቱ ብርሃን ተመልሶ የራስዎን ዓይን ሲመታ ያ ሁሉ መላመድ በቅጽበት ይጠፋል። በዚያ ላይ ብርሃኑ በመሐል ብቻ ከተሰበሰበ ከዳር ያለው ጥግ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በቤት ውስጥ ላለ ሰው ከ500 እስከ 1,000 ሉመን የሚሰጥና ከመሐሉ ውጭም በቂ ፍካት ያለው መብራት ይበቃል ባይ ነኝ። ከመግዛትዎ በፊት ሊሞክሩት ከቻሉ መብራቱን ከሽጉጡ ነጥለው በእጅዎ ብቻ ይዘው፣ ሌሊት፣ ረጅሙ ከሚሉት መተላለፊያ ጫፍ ላይ ቆመው ያብሩት፤ የቁጥር ክርክሩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ከቁጥሮቹ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ማብሪያው ነው። የአብዛኞቹ የሽጉጥ መብራቶች ማብሪያ ከምላጩ ቀለበት ፊት፣ በግራና በቀኝ የሚገኝ ሲሆን የሚጫነውም ደጋፊው እጅ በአውራ ጣቱ ነው። ማብሪያው በእጀታው ፊት ተቀምጦ ምላጭ የሚስበው እጅ በመካከለኛ ጣቱ የሚጨብጠው ዓይነትም አለ፤ ይህን አልመክርም። የአንድ እጅ ጣቶች፣ በተለይ ሰው ሲደነግጥ፣ ተነጣጥለው አይታዘዙም፤ አንዱ አጥብቆ ሲጨብጥ ጎረቤቱም ሳይታዘዝ ይከተለዋል፤ መብራት ሊያበሩ ፈልገው ጥይት የተኮሱ ሰዎች ስሕተት የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ማብሪያው በተጫኑት ጊዜ ብቻ የሚያበራና ሲለቁት የሚጠፋ፣ እንደ ምርጫዎም በርቶ የሚቆይ ሁለት አሠራር ቢኖረው መልካም ነው። ብልጭ ድርግም የሚለውን አሠራር ግን ካልፈለጉት የሚያጠፉበት መንገድ መኖሩን ይጠይቁ፤ ያላሰቡት ጊዜ ሲጀምር ከፊት ያለውን ብቻ ሳይሆን ያበራውንም ያደናግራል።

ሽጉጥዎ ከበርሜሉ ሥር ሐዲድ መሰል መግጠሚያ ካለው፣ መብራቱ ከዚያው መግጠሚያ ጋር መስማማቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ፒካቲኒ የሚባለው መግጠሚያ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ጦር ደረጃ ቢወጣለትም፣ የአንዳንድ ሽጉጦች ቦይ ከእርሱ የጠበበ ነው፤ ለዚህም ሲባል ብዙ አምራቾች ተለዋዋጭ ማያያዣ በሣጥኑ ውስጥ ይጨምራሉ። ሲገጥሙ ካዝናውን አውጥተው፣ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዓይንዎም በጣትዎም አረጋግጠው፣ መብራቱን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዘው ይግፉት እንጂ መዳፍዎ በአፈሙዙ ፊት እንዳያልፍ። ብዙዎች የሚረሱት ሌላ ነገር የሽጉጡ ማኅደር ነው፤ መብራት የተገጠመበት ሽጉጥ በድሮው ማኅደር አይገባም፤ ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ አብረው ያስቡ። ክብደቱ በአንዳንድ ሽጉጦች ላይ የተኩስ ዑደቱን ሊያውክ ስለሚችል፣ ለክፉ ቀን በሚይዙት ጥይት በመተኮሻ ሜዳ ሳይሞክሩ አይመኑበት። እኔ የነበረኝ አንድ መብራት በቤት ውስጥ እንከን አልነበረውም፤ በሜዳው ግን በሦስተኛው ጥይት ድርግም ብሎ ጠፋ፤ የባትሪ ድንጋዩን የሚይዘው ሽቦ ሽጉጡ ወደ ኋላ በረገጠ ቁጥር ይላቀቅ ነበር።

ስለ ባትሪ ድንጋዩም አንድ ነገር ልጨምር። የተለመደው ሲአር 123 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ሲሆን ሳይነካ እስከ 10 ዓመት ይቀመጣል። ሁለት የሚወስድ መብራት ከሆነ አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ፤ የደከመው ድንጋይ በብርቱው ተገዶ ሲሠራ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። ተኩሰው ሲመለሱ ደግሞ ሌንሱን ይመልከቱ፤ የባሩድ ጥቀርሻ ግራጫ ሆኖ ይጋገርበታል። በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርገው ቢያሹት ይለቃል፤ በስለት መፋቅ ግን መስተዋቱን መጫር ነው።

ጥያቄ፦ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። በረጅም ጠመንጃ ላይ የሽጉጥ መብራት ቢገጠም ምን ችግር አለው? በመጫወቻ ጠመንጃ ላይ የሚገጠመውና መልኩ አንድ የሆነው ርካሽስ አያገለግልም?

መልስ፦ መግጠሙ ይቻላል፤ ማብሪያው ግን ደጋፊው እጅዎ ከሚይዝበት ቦታ ይርቃል፤ መብራት ለማብራት ሲሉ አያያዝዎን መለወጥ ካለብዎ ቦታውን ስተዋል ማለት ነው። በጠመንጃ ላይ የሚሻለው በጀርባው ጫፍ በአውራ ጣት የሚጫን ማብሪያ ያለው ቀጭን መብራት ነው። በሽቦ ተስቦ በእጅ መያዣው ላይ የሚለጠፍ ማብሪያ ምቹ ቢሆንም፣ ሽቦው ከጥሻና ከመኪና በር ጋር እየተያዘ መበጠስ ይወዳል፤ የጀርባው ማብሪያም ሳይነሣ አብሮ የሚሠራ ከሆነ ይታገሡታል። መብራቱን ወደ ኋላ ካስጠጉት የበርሜሉ ጥላ በብርሃኑ ላይ ጥቁር ሰንበር ስለሚጥል በተቻለ መጠን ወደ ፊት ይግፉት። የእርስዎ ሥራ ግቢና አጥር ማየት ስለሆነ ከቤት ባለቤቱ በተለየ ካንዴላው የበዛውን ይምረጡ፤ ለዙሩ ግን እርስዎም የእጅ ባትሪ ይያዙ።

የመጫወቻውን አይግዙ። የመልኩ መመሳሰል ውስጡን አይነግርም፤ እውነተኛ ጥይት ሲተኮስ የሚመጣውን ርግጫ እንዲችል ተደርጎ አልተሠራም። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ በመሣሪያ ላይ መብራት መግጠም፣ በተለይም ለአደን፣ የተከለከለ ወይም ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት ፈቃድ የሰጠዎትን ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቀጣሪዎም እንዲያውቅ ያድርጉ።