ናኖፓርቲክል ለሕፃናት የዓይን ካንሰር ደርሷል ወይ?

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጃችን ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የዓይን ካንሰር እንዳለበት ተነገረን። ከዕጢው የተነጠሉ ፍርፋሪዎች ዓይኑ ውስጥ ይንሳፈፋሉ አሉን። በናኖፓርቲክል የሚሰጥ መድኃኒት እንዳለ ሰምተናል። እሱ እስኪመጣ ብንጠብቅ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እባክዎ አይጠብቁ። ይህ ካንሰር ካልታከመ በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችላል። ናኖፓርቲክሉ፣ ማለትም መድኃኒት የሚሸከመው እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት፣ ደግሞ በአመዛኙ ገና በላቦራቶሪና በእንስሳት ላይ የሚሞከር እንጂ መደበኛ ሕክምና አይደለም።

ተመራማሪዎች የሚደክሙበት ምክንያት ግን በቂ ነው። ፍርፋሪዎቹ ያሉበት ቪትሪየስ የተባለው ዝልግልግ የዓይን ክፍል የደም ሥር የለውም። በደም ሥር ከሚሰጠው ኬሞቴራፒ እዚያ የሚደርሰው ጥቂት ነው። መጠኑ ይጨመር ቢባል ጣጣው ለሌላው አካል ይተርፋል፤ ለምሳሌ ካርቦፕላቲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት የሕፃኑን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ሜልፋላን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በቀጭን መርፌ በቀጥታ ቪትሪየስ ውስጥ ይሰጣል፤ በአንድ ጊዜ በተለምዶ ከ20 እስከ 30 ማይክሮግራም። ፍርፋሪዎቹን በደንብ ያጠፋል። ሆኖም ከተበጠበጠ በኋላ ቶሎ ስለሚፈርስ መርፌው ይደጋገማል፤ መጠኑ ከፍ ካለ ደግሞ ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ይመርዛል።

ናኖፓርቲክል መድኃኒቱን ጠቅልሎ ይዞ ቀስ በቀስ እንዲለቅ የታሰበ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፒኤልጂኤ ከተባለ፣ ሰውነት ውስጥ ከሚሟሟ ፖሊመር ነው። የሚያስቸግረው ጉዞው ነው። ቪትሪየስ እንደ ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው በግምት 500 ናኖሜትር ስለሆነ 1 ማይክሮሜትር (1,000 ናኖሜትር) የሚያህል ቅንጣት አያልፍም። ቅንጣቱ ትንሽ ቢሆንም ፖዘቲቭ ቻርጅ ካለው፣ ቪትሪየስ ውስጥ ካለውና ኔጋቲቭ ከሆነው ሃያሉሮኒክ አሲድ ጋር ተጣብቆ በተወጋበት ይቀራል። እንዳይጣበቅ ላዩን ፖሊኢትሊን ግላይኮል በተባለ ሌላ ፖሊመር ይሸፍኑታል። ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው፦ ከቅንጣቱ ገጽ ላይ የተለጠፈው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ባንዴ ሊፈስ ይችላል። ያኔ ሬቲናው ላይ የሚደርሰው ያው የተፈራው ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ ናሙና ሳይወሰድ ካንሰር መሆኑ እንዴት ታወቀ?

መልስ፦ ሆን ተብሎ ነው ያልተወሰደው። ዕጢው በመርፌ ቢወጋ ሴሎቹ ከዓይን ውጭ ሊዘሩ ይችላሉ። ልጁ በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ብሌኑ በጠብታ ሰፍቶ ይታያል፤ አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ይጨመራሉ። ሜልፋላን ሲሰጥም መርፌው ዕጢ በሌለበት በኩል ይገባል፤ ሲወጣ ቀዳዳው በማቀዝቀዣ መሣሪያ ይታከማል። ወንድም ወይም እህት ካለው የእነሱም ዓይን ይታይ፤ ይህን ካንሰር የሚያመጣው የአርቢ1 ጂን ጉድለት በዘር ሊተላለፍ ይችላልና።